ቤቴን ማንም ሳይለካ የሚደርሰኝን ጨረር እንዴት አወቁት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 52 ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው፤ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ውጭ አገር የሚማረው ልጄ «ከመሬት የሚወጣ ራዶን የሚባል ጋዝ የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ አንድ ሰው ከእሱ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ያህል ጨረር ይደርሰዋል» አለኝ። የቤቴ ወለል ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ ሌሊት ለብርዱ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ነው የምንተኛው። ማንም መጥቶ ሳይለካ ይህን እንዴት አወቁ? ራጅ ልነሣ?

መልስ፦ በመጀመሪያ አብሽሩ። ልጅዎ ያለው እውነት ነው፤ ሚሊሲቨርት ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ ነው። ቁጥሩ ግን የዓለም ሕዝብ አማካይ ነው፤ የእርስዎን ቤት አይናገርም።

በዐለትና በአፈር ውስጥ ያለ ዩራኒየም እየፈረሰ ራዲየም፣ ራዲየሙም ራዶን ይሆናል። ቀለምም ሽታም የለውም። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፤ በወለል ስንጥቅ ወደ ተዘጋ ቤት ከገባ ይጠራቀማል። ይበልጥ የሚጎዱን ከእሱ የሚወለዱት እንደ ፖሎኒየም ያሉት ናቸው፤ አቧራና ጭስ ላይ ተጣብቀው ሳንባ ውስጥ ያርፋሉ።

የሚለካው በትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ ከራዶኑና ከተወላጆቹ የሚፈናጠሩ አልፋ የሚባሉ የጨረር ቅንጣቶች ሲመቱት ጠባሳ ይተዉበታል፤ ላብራቶሪ ውስጥ በኬሚካል ይታጠብና ጠባሳው በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። በየአገሩ በዚህ መንገድ ከተለኩ ብዙ ቤቶች የወጣው የዓለም አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 40 ቤኬሬል ገደማ ነው፤ በየሴኮንዱ 40 አተሞች ይፈርሳሉ ማለት ነው። 40ን የጋዙ ተወላጆች አየር ውስጥ በሚቆዩበት ድርሻ፣ ማለትም በ0.4፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ በሚያልፍ 7000 ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ቤኬሬል በሰዓት በሚያደርሰው በ9 ናኖሲቨርት (የሚሊሲቨርት ሚሊዮንኛ ነው) ያባዙት፤ 1 ሚሊሲቨርት ይመጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ 7000 ሰዓት ነው። ዓመቱ ያለው 8760 ሰዓት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ የደላንታ ገበሬ ቤት ውስጥ የሚያሳልፈው 4000 ያህል ቢሆን፣ በዚያው አየር የሚደርሰው 0.6 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። አልጋ ላይ የዋሉ እናቱ 8000 ሰዓት ቢቆዩ 1.15 ይሆናል። ቤቱም ይለያያል፤ ከጣሪያው ሥር ነፋስ የሚገባበት የጭቃ ቤትና ጥርቅም ብሎ የተዘጋ የብሎኬት ቤት አንድ አይደሉም። የወሎ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየም ስለሚይዝ ደስ ይላል። ነገር ግን ሁለት ጎረቤታም ቤቶች እንኳ በብዙ ሊራራቁ ስለሚችሉ፣ የወሎን ሕዝብ ድርሻ ለማወቅ ቆላና ደጋ፣ ክረምትና በጋ ሳይባል በራሱ በወሎ ቤቶች መለካት አለበት። ይህ ቢሠራ ከልብ እመኛለሁ።

ራጅ ራዶንን አያሳይም፤ ለዚህ ብለው አይነሡ። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ ከ100 ቤኬሬል እንዳይበልጥ፣ ካልተቻለም 300ን እንዳያልፍ ይመክራል። እስኪለካ ድረስ ስንጥቁን በሲሚንቶ ያስደፍኑ፤ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ በርና መስኮቱን ወለል አድርገው ይክፈቱ። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ግን ዝም አይበሉት፤ ራዶን አጫሽን የሚጎዳው ከማያጨሰው 25 እጥፍ ያህል ነው። የማገዶ ጭስም ለሳንባ ክፉ ነው፤ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈዎት፣ አክታዎ ደም ከቀላቀለ ወይም ክብደትዎ ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚመረመሩት ለቲቢ ነው።