መልስ፦ ፖይንት ሬይስ ለምን ከቀሪው ማሪን ካውንቲ የተገነጠለ ይመስላል?

ሰላም ወንድሜ፣ ካርታው ላይ በትክክል ነው ያየኸው። ፖይንት ሬይስ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ባህር ዳርቻ ያለ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በእሱና በተቀረው ማሪን ካውንቲ መሃል ሳን አንድሪያስ የሚባለው ትልቅ የመሬት ስንጥቅ ያልፋል፤ ያ ቀጥ ያለው ቀጭን የባህር ወሽመጥ፣ ቶማሌስ ቤይ፣ የተኛው እሱ ላይ ነው። ፖይንት ሬይስ ያለው በፓስፊክ ፕሌት (ፕሌት ማለት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ ነው) ላይ ሲሆን የተቀረው ካውንቲ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ፕሌት በኩል ነው። ፕሌቶቹ እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ አይራራቁም፣ ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ።

ለዚህ ነው ድንጋዩ የማይመሳሰለው። ከፖይንት ሬይስ ሥር ያለው ግራናይት በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ከሩቅ ደቡብ ተጉዞ የመጣ ነው። በምሥራቅ ያለው ግን አብዛኛው የድሮ የባህር ወለል ነው። ከጎልደን ጌት ድልድይ በስተሰሜን ማሪን ሄድላንድስ ላይ የምታየው ቀይ ድርብርብ ድንጋይ በዓይን ከማይታዩ የባህር ፍጥረታት ቅሪት የተሠራ ነው፣ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

ከሄድክ እዚያው ፖይንት ሬይስ፣ ቤር ቫሊ የሚባለው ቦታ ያለውን አጭር የእግር መንገድ እንዳታልፈው። በ1906 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ አጥር ተቆርጦ 5 ሜትር ገደማ ወደ ጎን ሄዷል፤ ቦታው ላይ እንደነበረው አድርገው አሳይተውታል። የባህር ዳርቻው ገደሎች ጫፍ ላይ ግን አትቁም፣ ይናዳሉ።