14 ሥራ፣ አንድ ቀን

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን እየጻፍሽ ጎን ለጎን ሥራ ትፈልጊያለሽ። ማታ ማታ የነገውን ሥራ ትዘረዝሪያለሽ። ባለፈው ማክሰኞ 14 ነገር ጽፈሽ፣ ሲመሽ የተሠሩት ሦስት ብቻ ሆኑ፤ እነሱም ቀላል ቀላሎቹ። ጓደኛሽ ቀኑን በብሎክ መከፋፈል፣ ታይም ብሎኪንግ የሚሉትን ነገር፣ ሞክሪው አለችሽ። ሞከርሽ። በሦስተኛው ቀን ተውሽው። «ሰነፍ ነኝ ማለት ነው?» ብለሽ ነው ደብዳቤሽን የጨረስሽው።

አይደለሽም። ዝርዝር ምን እንደሚሠራ ይነግርሻል እንጂ መቼ እንደሚሠራ አይነግርሽም። «ለአማካሪዬ ኢሜይል መላክ» እና «ምዕራፍ ሁለትን መጻፍ» ወረቀቱ ላይ የያዙት አንድ አንድ መስመር ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሌላው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እጅሽ ወደ ቀላሉ ቢሄድ ምን ይገርማል? የሁሉም ሰው እጅ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ጓደኛሽ የሰጠችሽ ምክር ትክክል ነው። ብሎክ ማለት ለአንድ ሰዓት አስቀድሞ ሥራውን መስጠት ነው። «ከ2:30 እስከ 4:00 የምዕራፍ ሁለት የመጀመሪያ ሦስት ገጽ» ብለሽ ስትጽፊ፣ 2:30 ላይ ቁጭ ብለሽ «አሁን ምን ልሥራ?» ብለሽ አትጨነቂም። ውሳኔው ማታውኑ አልቋል።

የላክሽልኝን ፕሮግራም ሳየው ግን ለምን እንደተውሽው ገባኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በግማሽ ግማሽ ሰዓት የተከፋፈለ ነው። አንድም ባዶ ቦታ የለውም። አንድ ስልክ ከተደወለ፣ አንድ ሥራ 20 ደቂቃ ካለፈ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ይህን ፕሮግራም የሚጠብቅ ሰው የለም።

አንድ ጥናት ልንገርሽ፤ አንቺን ይመለከታልና። እ.ኤ.አ. በ1994 ቡለር፣ ግሪፊን እና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። የበለጠ የሚገርመው፣ «ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?» ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነበር። ክፉውን ሲያስቡም አልደረሱበትም። ይህን የሰው ልጅ ዝንባሌ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህንማንና ትቨርስኪ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውበታል። ስለዚህ «አንድ ሰዓት ይበቃኛል» ስትዪ ሁለት ሰዓት መድቢ። ቀድመሽ ከጨረስሽ ትርፍ ነው። በየቀኑ ደግሞ ቢያንስ አንድ ብሎክ ምንም ሳይጻፍበት ባዶውን ተዪው። ያልታሰበው ነገር ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መቀላቀል ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ «ጽሑፍ + ሲቪ + ኢሜይል» ብለሻል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳየችው ነገር አለ፤ አንድ ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላ ስንዞር ከሐሳባችን ከፊሉ እዚያው ይቀራል። አዲሱ ሥራ የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው። አንቺም «ቁጭ ብዬ እያየሁት አልገባኝ ይላል» ያልሽው ይህ ይመስለኛል። ኢሜይልን፣ ስልክ መመለስን፣ ፎቶ ኮፒን የመሳሰሉ ትናንሽ ነገሮችን ሰብስበሽ ከሰዓት አንድ ብሎክ ስጫቸው። የጽሑፉ ሰዓት ለጽሑፉ ብቻ ይሁን፤ ስልኩም ሌላ ክፍል ይደር። ብሎኩ ሲያልቅ ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት «ነገ ከዚህ እቀጥላለሁ፤ ቀጥሎ የምጽፈው ይህን ነው» የሚል አንድ መስመር ጻፊ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የነገውን ጠዋት ግን በጣም ታቀልልሻለች።

ሥራ ፍለጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ነውና። «ሥራ መፈለግ» የሚባል ብሎክ አትያዢ። ውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ማስታወቂያ ማየት አንድ ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ ሌላ። ማስታወቂያ ማየት ማለቂያ የለውም። የቴሌግራም ቻናሉን ወደ ላይ በጎተትሽ ቁጥር ሌላ ይመጣል፤ የደከምሽ ይመስልሻል እንጂ የላክሽው ነገር የለም። ለእሱ በቀን 30 ደቂቃ ስጪ፤ ሲያልቅ ዝጊው። ዋናውን ጊዜ ለማመልከቻው አድርጊ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በእያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ፤ ሲቪውን ለዚያ ሥራ አስተካክለሽ፣ ደብዳቤውን ለዚያ መሥሪያ ቤት ጽፈሽ። አንድ ዓይነት ሲቪ ለ20 ቦታ ከመበተን ይህን እመርጣለሁ።

ከባዱን ሥራ የት ታስቀምጪዋለሽ? ጭንቅላትሽ ንቁ በሆነበት ሰዓት። «ማታ ይሻለኛል» ካልሽ ማታ ይሁን፤ ሁሉም ሰው ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት አለበት የሚለውን ምክር አልቀበልም። የማታውቂው ከሆነ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሪ በየሰዓቱ ምን እንደሠራሽ ብቻ መዝግቢ። ራሱ ይነግርሻል።

ፕሮግራሙ ሲፈርስስ? ይፈርሳል። ያኔ «ዛሬ ተበላሸ» ብለሽ ቀኑን አትጣዪው። እስክሪብቶሽን አንሺና የቀረውን ሰዓት አዲስ ሳዪው። ገጹን ለሁለት ከፍለሽ በግራ ያቀድሽውን፣ በቀኝ የሆነውን ብትጽፊ ጥሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀኙ በኩል አንድ ሥራ በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብሽ ያሳይሻል። ከዚያ ወዲያ ግምትሽ እየተስተካከለ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ አፕ አያስፈልግሽም፤ ደብተር ይበቃል።

ነገ ቀኑን ሙሉ አትከፋፍዪው። ሁለት ብሎክ ብቻ ያዢ። ጠዋት ከ2:30 እስከ 4:00 ለምዕራፍ ሁለት፣ ከሰዓት ከ10:00 እስከ 11:00 ለትናንሾቹ። የቀረው ጊዜ እንደ ድሮው ይሂድ። ሁለቱ ለአንድ ሳምንት ከጸኑልሽ ሦስተኛውን፣ የማመልከቻውን፣ ጨምሪ።

ከ14ቱ ውስጥ የትኞቹን ከነጭራሹ እንደሰረዝሽም ጻፊልኝ። ቢያንስ አራቱ የሚሰረዙ ይመስለኛል።