99 በመቶ ትክክል የሆነው ሞዴል ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ ራሱ እንዲማር በማድረግ) አማካይነት የኔትወርክ ጥቃቶችን ስለ መለየት ሲሆን፣ ኬዲዲ 99 በተባለው የታወቀ የዳታ ስብስብ ያሠለጠንኩት ሞዴል ከ99 በመቶ በላይ ትክክለኛነት አስመዝግቧል። አማካሪዬ ግን ውጤቱን አይተው «ይኸን ይዘህ ባንክ ብትሄድ ማንም አይቀበልህም» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? (ከጅማ)

መልስ፦ አማካሪዎ እውነታቸውን ነው። ምክንያቱ የሚገኘውም ከሞዴሉ ይልቅ በተጠቀሙበት ዳታ ውስጥ ነው። ኬዲዲ 99 የተቀዳው በአሜሪካው ኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1998 የአንድ አየር ኃይል ሰፈርን ኔትወርክ በማስመሰል ከተዘጋጀ የሙከራ ትራፊክ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግንኙነት በ41 መለኪያዎች ተገልጾ ተመዝግቧል። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወርዱት 10 በመቶው ክፍል 494,021 መዝገቦች አሉት። ከእነዚህ 280,790ው፣ ማለትም ከግማሽ በላዩ፣ ስመርፍ የተባለ አንድ የማጨናነቅ ጥቃት ብቻ ነው። ስመርፍ አጥቂው በተጠቂው አድራሻ ስም ለአንድ ሙሉ ኔትወርክ ጥሪ የሚልክበትና በዚያ ያሉ ማሽኖች ሁሉ ምላሻቸውን በተጠቂው ላይ የሚያዘንቡበት ዘዴ ነበር፤ ራውተሮች እንዲህ ያለውን ጥሪ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ እንዲዘጉት የሚያዝ የኢንተርኔት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለወጣ ዛሬ እምብዛም አያጋጥምም። በአንጻሩ አንድ ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪነትን ሥልጣን የሚነጥቅባቸው ጥቃቶች፣ አንድን ባንክ በእውነት የሚያሳስቡት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ዳታ ውስጥ 52 ብቻ ናቸው። ሞዴልዎ ሃምሳ ሁለቱንም ቢያሳልፋቸው ከጠቅላላ ትክክለኛነቱ የሚቀነሰው የአንድ በመቶ አንድ መቶኛ ያህል ነው።

በዚህ ላይ መዝገቦቹ በብዛት ድግግሞሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳ ተመራማሪዎች ሙሉውን ስብስብ ሲፈትሹ ከማሠልጠኛው ክፍል 78 በመቶው፣ ከመፈተኛው ደግሞ 75 በመቶው ተደጋጋሚ ሆኖ አግኝተውታል። ድግግሞሹን አስወግደው ያዘጋጁት ኤንኤስኤል-ኬዲዲ በመፈተኛው ክፍል ውስጥ ሞዴሉ በሥልጠና ጊዜ አይቷቸው የማያውቃቸውን የጥቃት ዓይነቶች ጭምር ይዟል፤ በዚያ ላይ ሲፈተኑ የታወቁት ስልቶች እንኳ ወደ 80 በመቶ አካባቢ ወርደዋል። የእርስዎም ሞዴል በዚሁ መፈተኛ ምን ያህል እንደሚያመጣ አይተው በጽሑፍዎ ቢያካትቱት፣ ውጤቱ ዝቅ ቢል እንኳ ጽሑፉ ይጠነክራል እንጂ አይዳከምም።

ዳታው ፍጹም ቢሆን እንኳ አንድ ትልቅ ችግር ይቀራል። አንድ መካከለኛ ድርጅት በቀን 1,000,000 ግንኙነቶችን ያስተናግዳል፣ ከእነዚህም 100ዎቹ ጥቃት ናቸው እንበል። ሞዴሉ ከጥቃቶቹ 99 በመቶውን የሚይዝ፣ ከጤናማዎቹ ደግሞ በ1 በመቶው ላይ ብቻ በስሕተት የሚጮህ ቢሆን፣ 99 ጥቃቶችን ሲይዝ በ9,999 ጤናማ ግንኙነቶች ላይም ማንቂያ ያሰማል። ከመቶ ማንቂያዎች ውስጥ እውነተኛው አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። አንዱን ለማጣራት 5 ደቂቃ ቢበቃ፣ የአንድ ቀኑን ማንቂያ ለመጨረስ ከ840 ሰዓት በላይ፣ በ8 ሰዓት ፈረቃ ቢሰላ ደግሞ ከ100 በላይ ባለሙያ ያስፈልጋል። የስዊድኑ ተመራማሪ ስቴፋን አክስልሰን ይህንኑ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1999 በስሌት አሳይቶ የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬም ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ሳይጠቅሱት ያልፋሉ። ስለዚህ ጠቅላላ ትክክለኛነትን ትተው፣ በእያንዳንዱ የጥቃት ዓይነት ስንቱ እንደተያዘ፣ ከማንቂያዎቹም ስንቱ እውነት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፉ። በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገበ ዳታ ካገኙ ደግሞ ቀላቅለው ወደ ማሠልጠኛና መፈተኛ አይክፈሉት፤ በቀደሙት ቀናት አሠልጥነው በኋለኞቹ ይፈትኑ፤ በሥራ ላይ የሚያጋጥመውም ይኸው ነውና።

ጥያቄ፦ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ ሻጭ «አዲስ ጥቃትን ሁሉ ራሱ ተምሮ ይለያል፣ ተቆጣጣሪ ባለሙያም አያስፈልገውም» የሚል ሲስተም አቅርቦልናል። እንግዛ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ «ባለሙያ አያስፈልገውም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ሰምቼ ቢሆን አልገዛም ነበር። ሲስተሙ እንደሚመስለኝ የተቋሙን የተለመደ ሁኔታ ተምሮ ከዚያ የወጣውን የሚጠቁም ዓይነት ነው፤ ሐሳቡ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ ዶሮቲ ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ካሳተመችው ሞዴል ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የገባ፣ ከዚያ በፊት በቀን ሠላሳ ደንበኛ ብቻ ሲያይ የኖረ የሠራተኛ አካውንት በአንድ ጊዜ 4,000 መዝገቦችን ቢከፍት እንዲህ ያለው ሲስተም በእርግጥ ይጠቅማል። ችግሩ ያልተለመደ ነገር ሁሉ ጥቃት አለመሆኑ ነው። በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ለመዝጋት የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ የቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለመግባት ይሽቀዳደማሉ፤ ቸኩሎ ፓስዎርድ የሚሳሳተውም ብዙ ነው። ይህ በሎጉ (ሲስተሙ የሚይዘው የክንውን መዝገብ) ላይ ሲታይ ፓስዎርድ በመገመት ከሚደረግ ጥቃት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሌላ አገር በተሰበሰበ ዳታ የሠለጠነ ሲስተም የእኛን ሰኔም ሆነ የእኛን መብራት አያውቅም።

አጥቂውም ቢሆን ዝም ብሎ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከአንድ የኮምፒውተር ጌም የወሰዷቸውን ጽሑፎች በማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ፋይሎች መጨረሻ ላይ በመለጠፍ ብቻ፣ በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ አንድ የታወቀ ጸረ ቫይረስ ፋይሎቹን ጤናማ ናቸው ብሎ እንዲያሳልፍ ማድረግ ችለዋል። የማልዌሩ ሥራ ምንም አልተለወጠም።

ስለዚህ ሻጩ በራሳችሁ ኔትወርክ ላይ፣ ቢቻል የወር መጨረሻን ባካተተ ጊዜ፣ በነጻ እንዲያስሞክራችሁ ጠይቁት። በቀን ስንት ማንቂያ እንደሚያወጣና እያንዳንዱን ለምን እንዳወጣው ማስረዳት መቻሉን እዩ፤ «የጥርጣሬ ነጥቡ 0.93 ነው» ብቻ የሚል ማንቂያ ለባለሙያ አይረዳም። ከዚያ በፊት ግን የሰርቨሮቻችሁ ሶፍትዌር መታደሱን አረጋግጡ። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ማልዌር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ሲመታ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ማሻሻያው ላልተጫነበት፣ ምትኬ ቅጂም ለሌለው ተቋም ብልህ ሲስተም መግዛት ቅድሚያ የሚሰጠው ወጪ አይደለም።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የተላከልዎትን ኮድ ይላኩልን» የሚሉ የአማርኛ መልእክቶች ይደርሱኛል። በእንግሊዝኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ሲታገዱ እነዚህ ለምን ያልፋሉ? (ከሪያድ)

መልስ፦ አጣሪ ሞዴል የሚለየው አስቀድሞ አይቶ የተማረውን ነው፤ «ይህ ማጭበርበሪያ ነው፣ ይህ አይደለም» ተብሎ የተለየለት የአማርኛ መልእክት ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የአጻጻፋችን ልማድም ያዳክመዋል። «ኃላፊ»፣ «ሀላፊ» እና «ሐላፊ» ለእኛ አንድ ሲሆኑ አስቀድሞ ወደ አንድ ፊደል ካልተመለሱ በስተቀር ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰው ሲጨመር ጉዳዩ የባሰ ይወሳሰባል። ደግነቱ ከቋንቋው ጋር ያልተያያዙ ምልክቶችም አሉ፤ ሊንኩ የሚወስድበት ድረ ገጽ የተመዘገበው ትናንት መሆኑ ወይም አንድ አካውንት በአንድ ሰዓት ውስጥ ለብዙ መቶ የማያውቃቸው ሰዎች መጻፉ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። እርስዎ መልእክቱን ከማጥፋትዎ በፊት አላስፈላጊ ብለው ሪፖርት ቢያደርጉት ላኪው ሊታገድ ይችላል። ኮዱን ግን ለማንም አይስጡ፤ በዚያ ኮድ ሌላ ሰው በራሱ ስልክ ላይ የእርስዎን አካውንት ይከፍትበታል።