መልስ፦ የታችኛው ጥርስ ለምን ቶሎ አይደነዝዝም?

ጅማ ላይ ጥርስ ስታስነቅል የላይኛው በአንድ መርፌ ደንዝዞ፣ የታችኛው ግን ሁለቴ ተወግተህም እንዳመመህ ጽፈሃል። ነገሩ በአብዛኛው አጥንቱ ነው። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ስስና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ እንደ እንጀራ ዓይን በለው። ድድ ላይ የተወጋው መድኃኒት ሰርጎ ሥሩ ጋ ይደርሳል። የታችኛው ድፍን ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ገባ ብለው ዋናውን ነርቭ ያደነዝዙታል፤ ግማሽ ከንፈርህ የጠፋብህም ለዚያ ነው።

የማደንዘዣው መድኃኒት ዓይነትም ይለያያል። 4 በመቶ አርቲኬይን ከተለመደው 2 በመቶ ሊዶኬይን ይልቅ አጥንት ውስጥ በደንብ ይሰርጋል። ጥርሱ መግል ከያዘ ግን ሁለቱም ይለግማሉ፤ ያበጠ ቦታ አሲዳማ ስለሚሆን መድኃኒቱ ነርቩ ውስጥ መግባት ያቅተዋል።

የቀረችውን ጥርስ ስታስነቅል ትኩስ ቡና ለዚያ ቀን ይቅርብህ። ለጅማ ልጅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።