አንዱ ኤፍ አንድ ዓመት እንዳይበላብሽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካውንቲንግ እና ፋይናንስ ነው የምማረው። ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሻለሁ፤ እስካሁን 120 ክሬዲት ወስጃለሁ። ፈንዳሜንታልስ ኦፍ አካውንቲንግ 2 ላይ ኤፍ መጣብኝ፤ ሲጂፒኤዬ (ጠቅላላ አማካይ ውጤቴ) 1.94 ሆነና ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) ወጣብኝ። አድቫይዘሬን የምዝገባ ስሊፕ ከማስፈረም ውጪ አነጋግሬው አላውቅም። አሁን ዘጌ ቤተሰብ ጋ ነኝ። ስመለስ ምን ብዬ ላናግረው? ከባቼ ጋር መመረቅስ እችላለሁ?»

እህታችን፣ አንቺን ያስደነገጠሽ ዋርኒንጉ ነው። እኛን የበለጠ ያሳሰበን ግን ኤፉ ያረፈበት ኮርስ ነው። የወረደ ነጥብ ከፍ ይላል፤ ተራው ያለፈ ኮርስ ግን እስኪመለስ ዓመት ያስጠብቃል።

የዲፓርትመንትሽን ካሪኩለም አውጥተሽ የቅድመ ሁኔታውን ዓምድ ተመልከቺ። ፈንዳሜንታልስ 2 ሳይታለፍ ቀጣዩ ኮርስ፣ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ 1፣ አይወሰድም። ኢንተርሚዲየት 2 የመጀመሪያውን ይጠብቃል፤ አድቫንስድ አካውንቲንግ 1 ኢንተርሚዲየት 2ን፣ አድቫንስድ 2 ደግሞ አድቫንስድ 1ን። በመደበኛው ፕሮግራም እያንዳንዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ፈንዳሜንታልስ 2ን በሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ብትደግሚው፣ ኢንተርሚዲየት 1 ወደ አራተኛ ዓመት መጀመሪያ፣ ኢንተርሚዲየት 2 ወደ አራተኛ ዓመት ማብቂያ ይሸሻል። ሁለቱ አድቫንስዶች አምስተኛ ዓመት ላይ ይወድቃሉ። ባለ 5 ክሬዲት አንድ ኮርስ ዓመት ሙሉ የሚወስደው በዚህ መንገድ ነው። የኮስት እና የኦዲቲንግ ኮርሶችም ከዚሁ ሰንሰለት ጋር መያያዝ አለመያያዛቸውን እዚያው ዓምድ ላይ አረጋግጪ።

ስለዚህ ለአድቫይዘርሽ የምታቀርቢው ዋናው ጥያቄ «ፈንዳሜንታልስ 2ን ከኢንተርሚዲየት 1 በፊት የት ላግኘው?» የሚለው ነው። «ምን ላድርግ?» ብለሽ ከገባሽ «በርትተሽ አጥኚ» ተብለሽ ትወጫለሽ።

መጀመሪያ ግን ውጤቱ ኤፍ ነው ወይስ ኤፍኤክስ? ኤፍኤክስ ከሆነ ኮርሱን እንደገና ሳትከታተዪ ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል አለ፤ ቀኑ ግን አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ አጣሪ። ኤፍ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ኤክስቴንሽኑ ነው። ኮርሱ በክረምት ወይም በማታው ፕሮግራም የሚሰጥ ከሆነ፣ ገብተሽ እንድትወስጂ ዲፓርትመንቱ መፍቀድ ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ከተፈቀደልሽ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ በክረምት ከሆነ ዶርም ላይከፈትልሽ ስለሚችል ማደሪያ አስቀድመሽ አስቢ። ከዘጌ በየቀኑ በጀልባ እየተመላለሱ መማር አያዛልቅም። ሦስተኛው አማራጭ፣ ፈንዳሜንታልስ 2 ኢንተርሚዲየት 1 በሚሰጥበት ሴሚስተር የሚገኝ ከሆነ፣ ሁለቱን ኮርሶች ጎን ለጎን ለመውሰድ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ይህን አድቫይዘሩ ብቻውን አይወስነውም፤ ጉዳዩ በዲፓርትመንቱ በኩል ወደ አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል። ዋርኒንግ ላይ ላለ ተማሪ ከመደበኛው 30 ክሬዲት በላይ መጫን ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ማመልከቻሽ ላይ በምትኩ የትኛውን ኮርስ እንደምታስቀሪ ጨምረሽ ጻፊ። የምታስቀሪው ደግሞ ሌላ ኮርስ የማይጠብቀው ይሁን።

አንድ ነገር እንዳትሞክሪ። አድቫይዘሩ ሳያስተውል ስለፈረመልሽ ብቻ ኢንተርሚዲየት 1ን አትመዝገቢ። ቅድመ ሁኔታው ያልተሟላ ኮርስ በኋላ ሬጅስትራር ሲያጣራ ሊሰረዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ፊርማ አለኝ» ማለት አያድንም። የተማርሽበት ሴሚስተርም ባክኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ። 1.94 በ120 ክሬዲት ሲባዛ ወደ 233 ነጥብ ነው። ዋርኒንጉ ወደሚነሳበት 2.00 ለመድረስ 240 ያስፈልግሻል፤ የጎደለሽ 7 ነው። ኤፉን ደግመሽ ሲ ብታመጪ 5 ክሬዲት በ2 ተባዝቶ 10 ነጥብ ይጨምርልሻል። አዲሱ ውጤት አሮጌውን ስለሚተካ አካፋዩ 120 እንደሆነ ይቆያል፤ 243 ለ120 ሲካፈል 2.02 ይመጣል። ያ ብቻ ከ2.00 በላይ ያወጣሻል።

ኤፉን ሳትነኪ በቀጣዩ ሴሚስተር ለመውጣት ከሞከርሽ ግን በ30 ክሬዲት ቢያንስ 67 ነጥብ መሰብሰብ አለብሽ። ስድስት ባለ 5 ክሬዲት ኮርሶች ቢኖሩሽ አንድ ቢ፣ አንድ ሲ ፕላስ እና አራት ሲ ማለት ነው፤ 15 ሲደመር 12.5 ሲደመር 40፣ ድምሩ 67.5። ሁሉንም ሲ ብታመጪ 60 ብቻ ስለሆነ ዋርኒንጉ አይነሳም። «ማለፍ ይበቃኛል» ብሎ መቀመጥ እዚህ ላይ አይሠራም። አንድ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ከክፍሉና ከንባቡ ጋር በሳምንት ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይፈልጋል፤ ቢ የምታመጪበትን ኮርስ ከአሁኑ መርጠሽ ሰዓቱን ለእሱ መድቢ።

አድቫይዘርሽ ጋ ስትሄጂ የምዝገባውን ሳምንት አትጠብቂ። ያን ሳምንት በሩ ላይ ሰልፍ ስለሚሆን ከፊርማ የዘለለ ጊዜ አይኖረውም። በክፍል ተወካያችሁ በኩል መልእክት ልከሽ ቀጠሮ ያዢና በጠዋቱ ጀልባ መጥተሽ አግኚው። ግሬድ ሪፖርትሽን፣ ካሪኩለሙን እና አንድ ነጭ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ወረቀቱን በአራት ዓምድ ከፍለሽ በቀሩሽ አራት ሴሚስተሮች የምትወስጂያቸውን ኮርሶች ከነክሬዲታቸው በእርሳስ ጻፊያቸው። እርሳስ ያልነው አድቫይዘሩ ሲያርም እዚያው እንድታስተካክዪ ነው።

እግረ መንገድሽን የሜጀር (የዋናው ትምህርት ዘርፍሽ ኮርሶች) ነጥብሽንም አስልተሽ ሂጂ። ለመመረቅ ጠቅላላው ብቻ ሳይሆን የሜጀር ኮርሶች ውጤትም ለብቻው 2.00 መድረስ አለበት፤ ኤፉ ያለው ደግሞ ሜጀር ላይ ነው። ጠቅላላው 2.10 ሆኖ ሜጀሩ 1.97 ላይ የሚቆም ተማሪ አለ፤ ችግሩን የሚያውቀው ግን የምረቃ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ነው። ኤንጂ (ውጤቱ ገና ያልገባ) ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ኮርስ ካለሽም በጊዜ ካልተዘጋ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል።

የመውጫ ፈተናውን በተመለከተ፣ ማለፊያው 50 ነው፤ ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ወደ ኋላ የሚጎተት ኮርስ እዚያም ይከተልሻል፤ ኮርስ የቀረው ተማሪ ከባቹ ጋር ለፈተናው ላይቀርብ ይችላል።

ከባችሽ ጋር ትመረቂ እንደሆነ ላነሳሽው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ፈንዳሜንታልስ 2 ከኢንተርሚዲየት 1 በፊት ወይም አብሮት ከተፈቀደልሽና ካለፍሽው ትችያለሽ፤ ሁለቱም ካልተቻሉ ግን አንድ ዓመት እንደሚጨመር ቆጥረሽ ለቤተሰብሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ፈቃድ ካገኘሽ በቃል አትቀበዪው። ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ደብዳቤ አስወጪ፤ አንዱን ቅጂ ሬጅስትራር ፋይልሽ ውስጥ መግባቱን በዓይንሽ አይተሽ፣ ሌላውን አንቺ ጋ አስቀሪ።