ዋልተር ቱል የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ነው ወይ ላልከው ልጅ

"እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ቱል ነው ወይ፣ የጦር መኮንን ነበር የሚባለውስ እውነት ነው?" ብለህ ለጠየቅከው፣ ለንደን ቶተንሃም ሰፈር ብዙ ዓመት የኖርኩ የስፐርስ፣ ማለትም የቶተንሃም ክለብ ደጋፊ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርህ።

የመጀመሪያውስ አይደለም። አክራ የተወለደው በረኛ አርተር ዋርተን ይቀድመዋል፣ እሱ በ1880ዎቹ ነው የተጫወተው (ዓመቱም ወሩም ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ቱል በ1888 እንግሊዝ ፎክስተን ከተማ ነው የተወለደው፣ አባቱ ከባርቤዶስ የመጣ አናጢ፣ አያቱ ባሪያ የነበረ፣ እናቱ የኬንት እንግሊዛዊት። እናትም አባትም ቶሎ ሞቱና እሱና ወንድሙ ኤድዋርድ ለንደን የሜቶዲስቶች የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገቡ። ኤድዋርድን የግላስጎው ቤተሰብ ወሰደውና በኋላ የጥርስ ሐኪም ሆነ፣ ዋልተር እዛው ቀርቶ ማተሚያ ቤት ሙያ ሲማር ኳሱንም ያዘው።

በ1909 ስፐርስ በ10 ፓውንድ አስፈረመው፣ ደሞዙ በሳምንት 4 ፓውንድ፣ ያኔ ከዛ በላይ መክፈል ክልክል ነበር። አጀማመሩ ጥሩ ነበር፣ ግን በዛው ዓመት ብሪስቶል ሲቲ ሜዳ ላይ ደጋፊው በቀለሙ ሲሰድበው ዋለ። የሚገርመው ጨዋታውን ያየ ጋዜጠኛ የዕለቱ ምርጥ አጥቂ እሱ ነበር ብሎ ነው የጻፈው፣ ክለቡ ግን ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ወሸቀው። ስፐርስን ብወድም ይሄን ነገር ሳስበው ያመኛል፣ በሊግ ያሰለፉት 10 ጨዋታ ብቻ ነው እኮ! ኋላ ላይ አርሰናልን ትልቅ ያደረገው ኸርበርት ቻፕማን ያኔ ኖርዝሃምፕተንን ያሰለጥን ነበርና በ1911 ወሰደው፣ እዛ ከ100 በላይ ጨዋታ ተጫወተ።

መኮንን ነበር የተባለው እውነት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ1914 መጨረሻ የሚድልሴክስ ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ውስጥ የተጫዋቾች ሻለቃ የሚባለው ጋ ተመዘገበና ሳጅን ሆነ። ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ የመድፉ ነገር አእምሮውን ነክቶት ለሕክምና እንግሊዝ መለሱት፣ ሲሻለው ደግሞ ፈረንሳይ ወዳለው የሶም ጦር ሜዳ ተመልሶ ሄደ። በዘመኑ መመሪያ መኮንን የሚሆነው የአውሮፓ ዘር ብቻ ነው፣ ግን አዛዦቹ ራሳቸው ለመኮንንነት አጩትና ግንቦት 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። ጣሊያን ፒያቬ ወንዝ ላይ ነጭ ወታደሮችን እየመራ ተሻግሮ ሁሉንም በሰላም መለሳቸው፣ ጄኔራሉም በጽሑፍ አመሰገነው።

መጋቢት 25፣ 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ፋቭረይ የምትባል መንደር አጠገብ ጀርመኖች ሲገፉ ተመትቶ ወደቀ። ቢሊንግሃም የሚባል ወታደር፣ እሱም የሌስተር ክለብ በረኛ የነበረ፣ ሬሳውን ሊያወጣ ሞክሮ ጀርመኖቹ ስለደረሱበት ጥሎት ሸሸ። እስከዛሬ መቃብር የለውም፣ ስሙ ብቻ ፈረንሳይ አራስ ከተማ ባለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ አለ።

አንዴ በካሌ በኩል በመኪና ስንሄድ ሚስቴን ለምኜ እዛ ጎራ አልን። ሰው ምንም አልነገረኝም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስም ደግሞ ወደ 35,000 ነው፣ በፊደል ተራ ይሆናል ብዬ ቲ ቲ እያልኩ ስዞር ዋልኩ፣ ለካ የተደረደረው በየሬጅመንቱ ነው። ሚድልሴክስን መጀመሪያ ብፈልግ ኖሮ ቶሎ አገኘው ነበር። ከሄድክ ቤይ 7 የሚባለው የግድግዳው ክፍል ነው፣ ቀና ብለህ እይ፣ እኔ እስካገኘው ድረስ ሚስቴ ጀልባው ሊያመልጠን ነው እያለች መኪና ውስጥ ክላክስ ታደርግ ነበር።