የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማውሱን አይንጠቁት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ስለ ልጆች የጀብዱ ጨዋታዎች ናቸው፤ ገጸ ባሕርይው ከቦታ ቦታ እየዞረ ዕቃ የሚለቅምባቸው፣ በለቀመውም ዕቃ ችግር የሚፈታባቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ልጆቿ ያደጉበትን የ«ፍሬዲ ፊሽ» ሲዲ ለአምስት ዓመት ልጄ ይዛለት መጣች። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። ሲዲውን ሳስገባ ፕሮግራሙ በዚህ ኮምፒውተር አይሠራም ይለኛል። ሲዲው ተበላሽቶ ነው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ በሲዲው አይፍረዱ። የመጀመሪያው «ፍሬዲ ፊሽ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ለ16 ቢት ዊንዶውስ የተሠሩ ነበሩ፤ የዛሬው 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስነሳም። ሴቲንግ ቢነካኩም ለውጥ የለውም።

መፍትሔው ስካምቪኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። የድሮውን ማስነሻ ትቶ የጨዋታውን ፋይሎች ራሱ ያነባል። በቅድሚያ ስካምቪኤምን ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው ኢንስቶል ያድርጉ። ቀጥሎ ዴስክቶፕ ላይ «ፍሬዲ» የሚል ፎልደር ይክፈቱ። ሲዲውን ደብል ክሊክ አያድርጉት፤ ያው የድሮው ፕሮግራም ይነሳል። ራይት ክሊክ አድርገው «ኦፕን» ሲሉ ፋይሎቹ ይታያሉ። ከእነሱ ውስጥ ስማቸው በነጥብ፣ በኤች፣ በኢ እና በቁጥር (.HE0፣ .HE1 እንደሚለው) የሚያልቁትን ሁሉ ወደ ፎልደሩ ኮፒ ያድርጉ። ከዚያ ስካምቪኤምን ከፍተው «አድ ጌም» ይበሉ፣ ፎልደሩን ይምረጡ፣ «ስታርት»ን ይጫኑ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ከፋይሎቹ አንዱን ብቻ ኮፒ ማድረግ ነው፤ ጨዋታው እምቢ ይላል፣ ወይም ይነሳና ድምፅ አልባ ይሆናል። ሁለተኛው ፋይሎቹ ያሉበትን ትቶ ከሱ በላይ ያለውን ፎልደር መምረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ስካምቪኤም ምንም ጨዋታ አላገኘሁም ይላል። ሲዲው በእርግጥ ተቧጭሮ ከሆነ ኮፒ ሲያደርጉ መሃል ላይ ይቆማል። እንዲያ ከሆነ ጨዋታው ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ላይ ይሸጣል። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ በስካምቪኤም ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ነፃ የሙከራ ቅጂዎች ለልጅዎ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ «ፓጃማ ሳም» ስትጫወት አንድ ቦታ ላይ ከቆመች ታለቅሳለች። አላስችለኝ ሲል ማውሱን ተቀብዬ አሳልፋታለሁ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ጨርሰነዋል፤ ግን የተማረችው ነገር አይታየኝም።
አባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሦስት ጊዜ የጨረሱት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ባለው ጨዋታ ልጅ የሚማረው በቆመበት ቦታ ነው፤ ያንን ከወሰዱባት የሚተርፋት ካርቱን ነው።

ጨዋታውን እንመልከተው። ሳም ጨለማን ሊያሸንፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ጭምብሉን፣ ባትሪውንና የምሳ ዕቃውን ይነጠቃል። ሦስቱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ጨዋታው እንደ አዲስ ሲጀመር ዕቃዎቹ ያሉበት ቦታ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ያሳዩአት መንገድ በሚቀጥለው ጊዜ ላይሠራ ይችላል፤ አሁንም ታለቅሳለች። የሚያዛልቃት መንገዱን ማወቅ ሳይሆን ችግሩን አይቶ «ለዚህ ምን ያስፈልገኛል?» ማለት ነው።

በእኛ አገር ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ድሮም አለ፤ እንቆቅልሽ። መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ሳይሰጥ አይነገረውም። ያንኑ ይጠቀሙ። ልጅዎ ስትቆም መጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋት፦ «ያ ሰውዬ ምን ቸገረኝ አለ?» ካልሆነላት ወደ ዕቃዎቿ ይመልሷት፤ የለቀመችው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል፦ «ከነዚህ የትኛው ይጠቅመዋል?» ሁለቱም ካልሠራ አገር ትስጥዎትና ቦታውን በአፍ ይንገሯት። ጎንደርን ሰጥታ ያገኘችውን መልስ በዋዛ አትረሳውም። ማውሱ ግን ከእጇ አይወጣም።

ሌላው የሚያስቆማት የት እንደነበረች መርሳት ነው። አንድ ወረቀትና እርሳስ አጠገቧ ያስቀምጡ። ጠቋሚው ወደ ቀስት ሲለወጥ እዚያ መውጫ አለ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሳጥን፣ ለእያንዳንዱ መውጫ አንድ መስመር ትሣል፤ መፍትሔ ያጣችበት ሳጥን ላይ ኤክስ ታድርግ። የተንጋደደ ይሆናል፣ ይሁን። አዲስ ዕቃ ስታገኝ መጀመሪያ የምትሄደው ኤክስ ወዳለበት ነው።

ከመፍትሔው ጋር ምንም የማይገናኙ፣ ሲነኩ ግን የሚዘፍኑና የሚዘሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። እነሱን ስትነካካ ሩብ ሰዓት ብታጠፋ አይቆጧት፤ ሆነ ተብለው የተቀመጡ ናቸው፣ ልጅም የት የት መንካት እንደሚቻል የሚያውቀው በእነሱ ነው። ሲደክማት ኤስን ተጭና ሴቭ ታድርግ፤ በማግስቱ ኤል ከቆመችበት ይመልሳታል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሦስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛው ገና ነው። ብዙ ንግግር የሌለበት፣ ጭንቅላት የሚያሠራ ጨዋታ ብትጠቁሙኝ?
ተማሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ «ዙምቢኒስ»ን ፈልግለት። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው፤ በ2015 ለአዳዲስ ኮምፒውተርና ታብሌት ታድሷል። ድምፅ አለው፣ ነገር ግን የሚፈታው በዓይን ነው።

ተጫዋቹ 16 ትንንሽ ፍጡሮችን ይዞ ይነሳል። በፀጉር፣ በዓይን፣ በአፍንጫና በእግር ይለያያሉ። ለእያንዳንዱ አምስት ዓይነት ምርጫ ስላለ 5 ጊዜ 5 ጊዜ 5 ጊዜ 5፣ ማለትም 625 ዓይነት መልክ ይወጣል። የመጀመሪያው ፈተና ሁለት ድልድይ ነው፤ ከሥራቸው ያሉት ገደሎች ፊት አላቸው። ገደሉ ያልተስማማው መልክ ሲያልፍበት ያስነጥሰዋል፣ ዙምቢኒውም ተወርውሮ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ማስነጠስ ድልድዮቹን ከያዙት ስድስት ችካሎች አንዱ ይነቀላል። ስድስቱም ካለቁ ያልተሻገሩት ይቀራሉ።

ልጆች የሚሸነፉት ያገኙትን በዘፈቀደ ስለሚልኩ ነው። መነጽር ያደረገ ቀይ አፍንጫ አለፈ፣ አንድ ዓይን ያለው አረንጓዴ አፍንጫ ተመለሰ እንበል። ጥፋቱ የዓይን ነው የአፍንጫ? አይታወቅም፤ ችካሉ በከንቱ ሄደ። ከአለፈው ጋር በሁሉ ነገር ተመሳስሎ በአፍንጫ ብቻ የሚለይ ቢልክና ቢመለስበት ግን ነገሩ የአፍንጫ መሆኑ ተያዘ። እንዲህ ያለ ጥንድ በአጋጣሚ ላይገኝ ስለሚችል፣ መጀመሪያ መልካቸውን ሲመርጥ አስቦ ይሥራቸው፦ ሦስት አራቱን በአፍንጫ ብቻ፣ ሌሎች ሦስት አራቱን በእግር ብቻ እንዲለያዩ። በቀላሉ ደረጃ ይህ ይበቃዋል። ከፍ ሲል ሕጉ እየተወሳሰበ ስለሚሄድ እየጻፈ ይጫወት። በሳይንስ ክፍል «ሌላውን ሳትነካ አንዱን ብቻ ለውጥ» የሚባለው ይኸው ነው፤ እዚህ በማስነጠስ ይማረዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጄ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ጠቋሚው ይጠፋበታል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከዊንዶውስ ሴቲንግ «ማውስ» ውስጥ የጠቋሚውን ፍጥነት ይቀንሱለት። የጠቋሚውን መጠን ማሳደግ ግን ለነዚህ የድሮ ጨዋታዎች አይጠቅምም፤ የራሳቸውን ጠቋሚ ነው የሚሥሉት። እሱን የሚያጎላው አልት እና ኢንተርን ተጭኖ ስክሪኑን መሙላት ነው። ክርኑ ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ ወንበሩን በትራስ ከፍ ያድርጉለት። አሁንም ካስቸገረው ስካምቪኤም ለአንድሮይድ ታብሌትም አለ፤ ሴቲንጉ ውስጥ በጣት የነኩት ቦታ በቀጥታ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ ስላለ እሱን ያብሩ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዕድሜ ያወጣው ጣሪያ በቀን አንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ይመረጣል ከሚል ማሳሰቢያ ጋር።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው። ጨዋታው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛዋን ግን እንዳትረሳ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ይታረቃሉ?
አባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ይታረቃሉ። ድምፁን አያጥፉባት፤ እስፔስን ተጭነው ጨዋታውን ያቁሙና ስለ ታሪኩ በአማርኛ ይጠይቋት፤ «ፍሬዲ ፊሽ» ከሆነ፦ «የአያትየዋን ዘር ማን ሰረቀው? ጠርሙሱን የት አገኘሽው?» ከጨዋታው በኋላ ደግሞ አገር ቤት ላሉ አያቷ ደውላ ታሪኩን ትንገራቸው፤ እሳቸው ጨዋታውን ስለማያውቁት ከሥር ከመሠረቱ ለማስረዳት ትገደዳለች።

«ፍሬዲ ፊሽ» ለዚህ በተለይ ይመቻል፤ ፍሬዲ ሴት ናት፣ ጓደኛዋ ሉተር ወንድ። ውጭ ያደጉ ልጆች የሚምታታባቸው ደግሞ ይኸው ነው። «ፍሬዲ ዋሻው ውስጥ ገባ» ስትል ተሳሳትሽ አይበሏት። «እሺ፣ ፍሬዲ ገባች። ሉተርስ?»